የማባዣው ዜማ

ልጆች ማባዣ በኅብረት ሲያዜሙ ስሰማ እስከ ዛሬ እጅ እጅ ይለኛል። የልጅ ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ ሊያናድዱኝ ሲፈልጉ መስኮቴ ሥር ይሰለፉና «ሁለት ጊዜ ሁለት አራት» እያሉ ይጮኻሉ። መስኮቱን እዘጋለሁ። እነሱ ይስቃሉ፤ ሽማግሌው ቁጥር አይወድም ብለው ለእናታቸው ይነግሯታል። ቁጥርስ እወዳለሁ፤ በዕድሜዬ ከቁጥር አብልጬ የወደድኩት ነገር ቢኖር ጥቂት ነው። የምጸየፈው ቁጥርን አዝሞ፣ ልጅን አወዛውዞ፣ አለንጋ ይዞ ከበላዩ ቆሞ «አወቀ» የሚለውን ሰው ነው። ይህ ጸያፍ ነገር ሐረር ውስጥ፣ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እኔ ራሴ አስተማሪ በሆንኩበት ትምህርት ቤት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ የወታደር ዘር ነኝ። አያቴ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ሐረር ገብተው እዚያው የቀሩ፣ አባቴም እዚያው የተወለዱ ናቸው። ንባብን ከቄስ፣ ሒሳብን ከአንድ ፈረንጅ ካህን ተማርኩ። ፈረንጁ ጥሩ አስተማሪ አልነበረም፤ ይዘባርቃል፣ ከምሳ በኋላም እያስተማረ ያንቀላፋል። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው አይቆጣም። እንዲያውም የሚነቃው ያን ጊዜ ነው። ኖራውን ያነሣና ለምን እንደሆነ አብረን እስክናይ ድረስ ግድግዳውን ሁሉ ያዥጎረጉረዋል። ሒሳብ ማለት ለምን ሲባል የማይቆጣ ትምህርት ነው ብዬ ያመንኩት በዚያ ሰውዬ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጀጎል በር አጠገብ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የሒሳብ አስተማሪ ሲፈለግ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነጭ ለብሼ ሄድኩ።

የትምህርት ቤቱ አለቃ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ጥላቻዬ ይቀለኝ ነበር። ቁርስ ሳይበላ ለመጣ ልጅ ከራሳቸው ቆርሰው ይሰጣሉ፤ የታመመ ተማሪ ቤት ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ነገር ግን ለእሳቸው ትምህርት ማለት በቃል መያዝ፣ መያዝ ማለትም በዜማ መያዝ ነው። ራሳቸውም ያደጉት እንደዚያ ነው። እናም የማባዣው ሠንጠረዥ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ከአዲስ አበባ ሲመጣላቸው፣ ለማንኛውም ጽሑፍ የሚያደርጉትን አደረጉለት። አንድ ሌሊት አድረውበት፣ ልጆች ዳዊት ሲማሩ የሚለማመዱትን ያንን ከፍ ዝቅ የሚለውን የንባብ ዜማ ቁጥሩ ላይ ጫኑበትና በማግሥቱ ማስተማር ጀመሩ።

አሁን ሳስበው እንኳ ይቀፈኛል። «ስድስት ጊዜ አንድ ስድስት» ብሎ ዝግ ብሎ ይነሣል፤ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ አምስተኛው ላይ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ «ስድሳ» የምትለው ቃል ትሳባለች፣ ትሳባለች፣ የልጆቹ ትንፋሽ እስኪያልቅ ትሳባለች። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። መሪጌታው አለንጋቸውን ከኋላ ይዘው በመካከላቸው ይመላለሳሉ። የሚሰሙት ግን ቁጥሩን አልነበረም፤ ዜማውን ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስድስት ጊዜ ሰባትን «አርባ ሦስት» ብሎ፣ ግን በተዋበ ዜማ አልፎ ሲሄድ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉት። ከጎኑ የነበረው ደግሞ «አርባ ሁለት» ብሎ፣ ዜማው ስለ ተሰበረበት፣ ጀርባውን ተገረፈ። 

ከሁሉም የሚያንገሸግሸው ልጆቹ ከመካከል መጀመር አለመቻላቸው ነበር። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ብዬ ድንገት የጠየቅኩት ልጅ ይደነግጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና ከሰባት ጊዜ አንድ ጀምሮ እየተወዛወዘ ይወጣል። መንገድ ላይ ሳል ከያዘው አለቀለት፤ እንደገና ከሥር ይጀምራል። ከአጥሩ ውጭ ወደ ገበያ የሚያልፉ ክርስቲያን ሴቶች ደግሞ ዜማውን ሲሰሙ ቆም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ያማትቡ ነበር። አንዲት አሮጊት በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተውኝ «ዛሬ የማን በዓል ነው ልጄ?» አሉኝ። «በዓል አይደለም እማማ፤ ማባዣ ነው» አልኳቸው። «አሜን» ብለው ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አሮጊቷ አልተሳሳቱም።

ከግንቡ ውስጥ፣ ከጀጎል የሚመጡ ጥቂት የሙስሊም ልጆች ነበሩን። ከእነሱ መካከል አንዱ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከሁሉም የተለየ ነበር። አባቱ ከጀጎል የጨርቅ ነጋዴዎች አንዱ፣ ከከተማው ውጭ ሶፊ በምትባል መንደር የብርቱካንና የጫት ተክል ያላቸው፣ መካ ደርሰው የመጡ ሐጂ ናቸው። ልጁን ይዘው ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁት፤ «ቁርኣኑን ጨርሷል፤ አሁን ሒሳብ ይወቅልኝ። ዲኑን እንዳትነኩብኝ።» መሪጌታውም ማሉላቸው፤ መሐላቸውንም ጠበቁ። ጠዋት ጸሎት ሲደረስ የጀጎል ልጆች ውጭ ቆመው እንዲጠብቁ ያደርጉ ነበር። ማባዣው ሲጀመር ደግሞ ሁሉንም ያስገባሉ። ለመሪጌታው ጸሎቱ እዚያ ላይ አብቅቷል።

ልጁ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሰማውን ነገር በአፉ ውስጥ የሚያላምጥ ዓይነት ነበር። እኔን «መምህር» ማለት እየፈለገ፣ ሲቸኩል ግን የቁርኣን አስተማሪያቸውን እንደሚጠሩት «ከቢር» ይለኛል። አላረምኩትም፤ ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን መሪጌታው ለለቅሶ ሄደው ሳለ ልጆቹን ይዤ ከክፍል ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ ነበር፤ ሥሩ ልጆቹ የበሉት ኮክ ፍሬ ተበትኖበታል። ፍሬዎቹን አስለቅሜ በአንድ ረድፍ አራት አራት አድርጌ ስድስት ረድፍ መሬት ላይ ደረደርኩ። «ምን ታያላችሁ?» አልኩ። «ስድስት ጊዜ አራት» አለ ያ ልጅ። «እስቲ አሁን ዞራችሁ በጎን በኩል ቁሙ» አልኳቸው። ዞሩ። ሌሎቹ አንዴ አይተው ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ጀመሩ። እሱ ግን ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሄደ፤ እንደገና ወደ ጎን መጣ። ከዚያ መሬት ላይ በሆዱ ተኛና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ረድፎቹን ቁልቁል አያቸው። ነጭ ልብሱ አቧራ በአቧራ ሆነ።

«ከቢር!» አለ፣ ሳይነሣ። «ከዚህ ሲታይ አራት ጊዜ ስድስት ነው። ምንም አልጨመርክበትም!»

«አልጨመርኩም።»

«ምንም አልቀነስክም!»

«አልቀነስኩም።»

«የሶፊው ብርቱካናችንም እንደዚህ ነው! በላይኛው መንገድ ሲመጡ ረድፉ ረጅም ነው፤ በታችኛው ሲመጡ አጭርና ብዙ ነው፤ ዛፉ ግን ያው ነው።» ከዚያ ተነሥቶ ቁጭ አለና ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ግማሹን በከንቱ ነው የምናዜመው» አለ።

እንዲህ ያለ ደስታ በአስተማሪነቴ ዘመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ተኝቶ አገኘው። አንድ ልጅ ሒሳብ አወቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ የተቀረው ጫጫታ ነው።

በማግሥቱ መሪጌታው ተመልሰው «ሰባትን በል» ሲሉት፣ ልጁ ከሰባት ጊዜ ሰባት ጀመረ። የቀደሙት በስድስትና ከዚያ በታች ባሉት የማባዣ ቤቶች ተብለው አልቀዋል፤ ለምን ይደገማሉ? እሱ የመሰለው እንደዚያ ነው። መሪጌታው ዘለልክ ብለው ገረፉት፤ ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ግማሹን ዝለል ብለኸዋል አሉ፤ እውነት ነው?»

«አልዘለለም አባቴ። አራት ጊዜ ሰባትን የሚያውቅ ሰባት ጊዜ አራትንም ያውቃል፤ ያው ነው።»

«በዳዊት ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ቦታ ቢገኝ አንዱን ትፍቃለህ?»

«ዳዊትማ የእግዚአብሔር ቃል ነው።»

«ይኸስ የማን ቃል ነው?»

«የማንም ቃል አይደለም። ማንም ባይናገረው እንኳ እውነት ነው» አልኳቸው።

መሪጌታው እንደ ታመመ ሰው አዩኝ። «የማንም ያልሆነ ቃል ለልጅ አይነገርም» ብለው ወደ ክፍል ተመለሱ። ዜማው ወዲያው ከኋላቸው ተነሣ። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ግን ምን አባቴ ላድርግ? አለቃዬ ናቸው፤ በአባቴ ዕድሜ ናቸው፤ ደግሞም ከልባቸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ የጀጎል ልጆች አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ያው ልጅ ነው። አመሻሹ ላይ ለሶላት ውዱ ሲያደርግ፣ እግሩን እየታጠበ ሳያውቀው ሰባተኛውን ቤት በዜማ ያንጎራጉራል። አባቱ ከጀርባው ቆመው ይሰማሉ። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብዙም በማይርቅ ሱቅ ተቀምጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያንን ዜማ ከእኔ ባላነሰ ያውቁታል። ልጃቸው ለሶላት ታጥቦ የክርስቲያን ጸሎት ሲያዜም ሰሙ። ጎረቤቶቻቸውን ቢጠይቁ፣ የነሱም ልጆች እንደዚያው ይላሉ። «ማባዣ ነው» ሲባሉ ማንም አላመነም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ልጁ ሦስት ቀን ሲቀር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በጠባቡ መንገድ ገብቼ በሩን ስመታ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ በቀይ በተቀባው ደረጃ ደረጃ መደብ ላይ ከታች ባለው መቀመጫ አስቀመጡኝና ራሳቸው ከፍ ባለው ላይ ተቀመጡ። የቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የገባበት ቀረበልኝ። ልጁ የለም፤ ነገሩ እስኪለይ ሶፊ ተክሉ ጋ ልከውታል።

«መምህር» አሉኝ፣ «አንተን ልጄ ይወድሃል። እውነቱን ንገረኝ። ምን እያስተማራችሁት ነው?»

«ሒሳብ ነው ሐጂ። ወላሂ ቢሉኝ ወላሂ እላለሁ፤ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ቁጥር ከሆነ ለምን ይዜማል?»

«በቃል እንዲይዙት ነው።»

«እሺ። ለምን ይወዛወዛሉ?»

ሐጂ መልሴን አልጠበቁም።

«ልጄን ጠየቅኩት። አንዲት ቃል ከጎደለች እንገረፋለን አለኝ። ከመካከል መጀመር አይፈቀድም አለኝ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም አለኝ። አሁን አንተ ተናገር፤ የሚዜም፣ የሚወዛወዙበት፣ አንዲት ቃል የማይጎድልበት፣ ለምን የማይባልበት ነገር፣ ጸሎት ካልሆነ ምንድን ነው?»

የምሠራበትን ትምህርት ቤት እንዲህ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ የገለጠልኝ ሰው አልነበረም። ሐጂ ይህን ሲሉ በጣም ኩሩና ቁጡ ነበሩ፤ ከላይ ወደ ታች ያዩኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር አልወደድኳቸውም። ቢሆንም ያሉት ነገር አንጀቴ ውስጥ ገባ።

«እኛም ቁርኣንን ትርጉሙ ሳይገባቸው እናስይዛቸዋለን» አሉ ቀጥለው፣ ልመልስላቸው ያሰብኩትን ቀድመውኝ። «እሱ የአላህ ቃል ነው፤ መያዙ ራሱ በረካ አለው። ስድስት ጊዜ አራት ምን በረካ አለው?»

ስለ ኮኩ ፍሬ፣ ስለ ብርቱካኑ ረድፍ፣ ልጃቸው በሆዱ ተኝቶ ስላገኘው ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ጥቂት ፈታ አለ፤ ግን አላመኑኝም። «አንተ ብታውቀው ለእኔ ምን ይረባኛል? አንተ አስተማሪ ነህ። ልጄ ይንገረኝ» አሉ። ከዚያ ውላችንን ተዋዋልን። ሹማምንትና ወላጆች በሚገኙበት፣ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የፈተና ዕለት ሐጂ ይመጣሉ። ልጁ በሰው ፊት ቆሞ፣ በራሱ አፍ፣ ያለ ዜማ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ካስረዳ፣ «ወላሂ አዲስ አበባ ድረስ ልኬ አስተምረዋለሁ፤ ግብፅም ቢሆን» አሉ። ካዜመ ግን በቃ፤ ድሬዳዋ አጎቱ ሱቅ ይገባል።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ በሩ ላይ። «ለልጁ እንዳትነግረው። ከነገርከው አስጠንተህ ታመጣልኛለህ፤ ያም ሌላ ዜማ ይሆናል።»

ትክክል ነበሩ። ቃሌን ሰጠኋቸው፤ ጠበቅኩትም።

መሪጌታውን ለማሳመን ግን ሳምንት ፈጀብኝ። በዚያን ዕለት ያንን ልጅ እኔ እንድጠይቀው፣ እሱም በፈለገው መንገድ እንዲመልስ፣ አለንጋው እንዲቀር ለመንኳቸው። «በዜማ ያልያዘው ቁጥር ነገ ከራሱ ይበንናል» አሉኝ። የአባቱን ነገር ሳነሣባቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ጸሎት መስሏቸው ነው መባሉ አስደነገጣቸው። «እኔ ሰውን ያለ ሃይማኖቱ ጎትቼ አላውቅም!» ብለው እንባ አቀረሩ። ዜማውን መተው ግን በሐሳባቸው እንኳ አልመጣም። በመጨረሻ «እሺ፤ አንተ ጠይቀው፤ እንዳሻው ይመልስ፤ አልነካውም» አሉኝ። ከሶፊ ተመልሶ ትምህርቱን የቀጠለው ልጅም ለእኔ ጥያቄ በፈለገው መንገድ መመለስ እንደሚችል ከራሳቸው አፍ ሰማ። ልቤ ሞላ። ምክንያቱም ልጁ ምን እንደሚያውቅ አውቅ ነበር፤ ስድስት ጊዜ አራትን የዚያን ልጅ ያህል የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

የፈተናው ዕለት ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ሹማምንቱ ከፊት ተቀመጡ፤ ቄሶቹ በአንድ ወገን፣ ከጀጎል የመጡት ጥቂት አባቶች በሌላ ወገን። ሐጂ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ልጆቹ እየተጠሩ በየተራ ያዜማሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። ሹማምንቱ ከእነሱ አንዳቸውም ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ አያውቁም፤ ግን በዜማው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ በደስታ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

የዚያ ልጅ ተራ ደረሰ። አዲስ ልብስ አልብሰውታል። ከፊቱ ጠረጴዛ አስቀርቤ የኮኩን ፍሬ አራት አራት አድርጌ በስድስት ረድፍ ደረደርኩለት።

«ስድስት ጊዜ አራት ምንድን ነው?» አልኩት። ስንት ነው አላልኩትም፤ ምንድን ነው አልኩት። «እንዳሻህ አድርገህ ለሰዎቹ አስረዳ።»

ልጁ ፍሬዎቹን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጎን አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እንደዚያን ቀን ሊዞር ነው ብዬ መንገድ ለቀቅኩለት። ከዚያ ቀና ሲል አባቱን አየ። አባቱ አንገታቸውን አስግገው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። የዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ ምን እንዳለፈ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቁርኣኑን የጨረሰ ዕለት፣ በሰው ፊት አንዲት ቃል ሳይስት ሲወጣ፣ እኚሁ ሰው በደስታ አልቅሰው ነበር። አባት በሰው ፊት የሚደሰተው በምን እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ኮክ መደርደር ደግሞ ምን ያስደስታል? የጓሮ ጨዋታ ነው። ዛሬ ለአባቱ ከሁሉ የሚያምረውን ሊሰጣቸው ፈለገ።

ወደ ቦታው ተመለሰ። እጁን አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነና «ስድስት ጊዜ አንድ ስድስት» ብሎ በዜማ አነሣው።

«ቆይ» አልኩ፣ «ዜማውን ተወውና...»

«ተወው! ይጨርስ!» አሉ ሹማምንቱ።

ጨረሰ። ስድስትን ብቻ አይደለም፤ ሰባትን ቀጠለ፣ ስምንትን ቀጠለ፣ ዘጠኝን ቀጠለ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከልጅ ጉሮሮ ወጥቶ አልሰማሁም። ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ አንድም ቁጥር አልሳተም፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ቄሶቹ ሳያውቁት አብረውት ይወዛወዙ ጀመር። የመጨረሻዋን «ዘጠና» ስቦ ስቦ ሲያሳርፋት ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ከጠረጴዛው አጠገብ እንደ ተገተርኩ ነበርኩ። በሕይወቴ ብዙ አስቀያሚ ነገር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ያማረ ዜማ የባሰ አስቀያሚ ነገር ግን አልሰማሁም። በልጅ ራስ ውስጥ በራሱ የበራውን ነገር ምን እንዳጠፋው ቆሜ አየሁ፤ ሰዎቹ ደግሞ አጨበጨቡለት።

መሪጌታው ተነሥተው ልጁን ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ከልባቸው፣ ለማስደሰት ብለው፣ ወደ ሐጂ ዞሩ። «እግዜር ይባርክልዎ! ምን ያለ ድምፅ ነው! ይህ ልጅ መቅደስ ገብቶ ቢቀድስ እኮ...»

«ሰማሁ» አሉ ሐጂ። ተነሥተዋል። «እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው።»

ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሐጂ ግን በሰዎቹ መካከል መጥተው የልጃቸውን እጅ ያዙና ወደ በሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ምን ልላቸው ነበር? ያውቀዋል፣ ወላሂ ያውቀዋል ልል ነበር። አልዞሩልኝም። በሩ ላይ ግን ልጁ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ እጁ በአባቱ እጅ እንደተያዘ፣ ቀና ብሎ አየኝ። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር፤ ግን ፈገግታው የት መቀመጥ እንዳለበት ጠፍቶታል።

«ከቢር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትክም» አልኩት። «አንድም አልተሳሳትክም።»

«ታዲያ አባቴ ለምን አያየኝም?»

አባቱ ሳብ አደረጉት፤ በሩን አልፈው ጠባቡ መንገድ ውስጥ ገቡ። ከኋላዬ ጭብጨባው በርዶ መሪጌታው «የሚቀጥለው!» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ሌላ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት» ብሎ ጀመረ።